አፓቼ ላይ ሞጁል ስንጭን ሰርቨሩ አልነሳ አለ፤ ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ እርዱን (ተፈቷል)

ሰኞ ገበያ (ደሴ) እሁድ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ደሴ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ላብ ነው። ሙድል (የትምህርት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር) የተጫነበት ሰርቨር አለን። ተማሪዎቻችን የቪዲዮ ትምህርትና ፒዲኤፍ የሚያወርዱት ከሱ ነው። ኢንተርኔት ቢጠፋም በውስጥ ኔትወርክ ስለሚሠራ ትምህርቱ አይቋረጥም።

አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ እኩል ቪዲዮ መክፈት ሲጀምር ግን ሰርቨሩ ይንቀራፈፋል። ሜሞሪው ጢም ብሎ ይሞላል። መግቢያ ገጹ ራሱ አይከፈትም። ሳፈላልግ ኤክስሰንድፋይል የሚባል የአፓቼ (የዌብ ሰርቨር ሶፍትዌሩ) ሞጁል፣ ማለትም ተጨማሪ ክፍል፣ እንደሚረዳ አነበብኩ። ሙድል ፋይሉን ራሱ ከማመላለስ ይልቅ "ይሄን ፋይል አንተ አድርስልኝ" ብሎ ለአፓቼ ይተውለታል።

ይህ ሞጁል የድሮው ሰርቨራችን ላይ ነበረ። የድሮው ማሽን ሴንትኦኤስ 6 ነው፤ በ2014ቱ ጦርነት ከተረፉልን ጥቂት ዕቃዎች አንዱ ነው። አዲሱ ኡቡንቱ 22.04 ነው። ኢንተርኔታችን ስለተቋረጠ የሞጁሉን ፋይል ከድሮው በፍላሽ ገልብጠን አዲሱ ላይ የአፓቼ ሞጁሎች ያሉበት ፎልደር ውስጥ አስገባነው። ዋናው የአፓቼ ኮንፊግ ፋይል ላይ የሎድሞጁል (ሞጁሉን ጫን የሚል) መስመር ጨመርን። ሪስታርት ስናደርግ አፓቼ ቆመ። ከዚያ በኋላ አልነሳም።

የሚለው ይሄን ነው፦ የሞጁሉ መዋቅር ትክክል አይደለም፤ የሚጠበቀው ፊርማ 41503234፣ የታየው ግን 41503232፤ ምናልባት ይህ የአፓቼ ሞጁል ላይሆን ይችላል፣ ወይም ለሌላ የአፓቼ ስሪት የተሠራ ነው።

ይህንን የምጽፈው በስልኬ ዳታ ነው። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ተማሪዎች ላብ ይገባሉ። ምን ላድርግ?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ፐርሚሽን ሊሆን ይችላል። ፎልደሩን 777 አድርጊና ሞክሪ። ካልሆነ አፓቼን አጥፍተሽ እንደገና ጫኚው። እኔ ብዙ ጊዜ በሱ ነው የምገላገለው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ልትረዳት ፈልገህ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ሁለቱንም እንዳታደርገው። ፐርሚሽን ቢሆን ኖሮ ሎጉ "መክፈት ተከልክያለሁ" ይል ነበር። ፋይሉን ከፍቶ፣ ውስጡን አንብቦ፣ ፊርማውን አይቶ ነው የመለሰው። 777 ማድረግ ደግሞ የሰርቨሩን ፎልደር ለማንም ፕሮግራም ክፍት መተው ነው። አፓቼን አጥፍቶ መጫንም ያው ፋይል እዚያው እስካለ ድረስ ምንም አይለውጥም። ይባስ ብሎ ኢንተርኔት በሌለበት ካጠፋሽው መልሰሽ ከየት ታመጪዋለሽ?

ሰኞ ገበያ፣ አብሽሪ። መጀመሪያ ሰርቨሩን እናስነሳው። ምርመራው ይደርሳል። ብዙ ሰው ሰርቨር ሲወድቅበት ያንኑ ሞጁል በግድ ለማስገባት ሲታገል ያመሻል። ተማሪ የሚጠብቀው ሞጁሉን አይደለም፤ ሰርቨሩን ነው።

የጨመራችሁትን የሎድሞጁል መስመር ፊቱ ላይ የመሰላል ምልክት (#) አድርጊበት። በዚያ አፓቼ መስመሩን አያነበውም። ከሞጁሉ ጋር የተያያዘ ሌላ መስመር ጨምራችሁ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኤክስሰንድፋይል ኦን የሚል፣ እሱንም እንዲሁ። ሞጁሉ ሳይኖር ያ መስመር ብቻውን ከቀረ አፓቼ የማያውቀው ቃል ሆኖበት ያንን ብሎ ደግሞ ይቆማል። የገለበጣችሁትን ፋይል ከፎልደሩ አውጥተሽ ሌላ ቦታ አኑሪው።

ቀጥሎ ሪስታርት አይደለም። አፓቼ2ሲቲኤል ኮንፊግቴስት በይው። "ሲንታክስ ኦኬ" ካለሽ ብቻ አስነሺው። ሙድል ውስጥ የኤክስሰንድፋይል ቅንብር ከፍታችሁ ከሆነ እሱንም አሁኑኑ ዝጉት። ያለበለዚያ ሙድል ፋይሉን ለአፓቼ የተወ መስሎት ባዶ መልስ ይልካል። ተማሪው ዜሮ ባይት ፋይል ያወርዳል።

ሰኞ ገበያ (ደሴ)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት መስመር ነበር የጨመርነው፤ ሁለቱንም ዘጋኋቸው። ኮንፊግቴስቱ ኦኬ አለ። አፓቼ ተነስቷል፣ ሙድልም ይከፈታል። የሙድሉን ቅንብር ገና አልነካነውም ነበር።

ነገ ጠዋት እንደ ድሮው እየተንቀራፈፈም ቢሆን ይሠራል። አሁን ሞጁሉ ለምን እምቢ እንዳለ መረዳት እፈልጋለሁ። ፋይሉ እኮ ድሮው ላይ ያለ ችግር ይሠራ ነበር።

ሐረጎ (ደሴ)

እህቴ፣ ቁጥሮቹን አሟልተሽ ስለጻፍሻቸው መልሱ እዚያው አለ። "ኤረር አመጣ" ብቻ ብለሽ ቢሆን ኖሮ እስከ ነገ ስንገምት እናድር ነበር።

ሁለት ሁለት አድርገሽ ክፈያቸው። 41፣ 50፣ 32፣ 34። እነዚህ በሄክሳዴሲማል የተጻፉ የአስኪ ፊደላት ናቸው። 41 ትልቁ ኤ ነው። 50 ትልቁ ፒ ነው። 32 ማለት 2፣ 34 ማለት 4። ሲገጣጠሙ "ኤፒ24" ይሆናሉ። አዲሱ ሰርቨርሽ የሚጠብቀው ይሄን ነው፤ አፓቼ 2.4 ነኝ እያለሽ ነው። ያገኘው ደግሞ 41503232 ነው። መጨረሻው 34 ሳይሆን 32 ነው። ይህ "ኤፒ22" ነው፤ ለአፓቼ 2.2 የተሠራ ሞጁል ማለት ነው።

ሴንትኦኤስ 6 ይዞት የሚመጣው አፓቼ 2.2.15 ነው። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ያለው 2.4.52 ነው። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ድሮው ላይ አሁንም ይሠራል። የባጃጅ ጎማ ደህና ቢሆንም ሲኖትራክ ላይ አይገጥምም።

ለምን እንዲህ ጥብቅ ሆነ ካልሽ፣ ሞጁል ራሱን ችሎ የሚሠራ ፕሮግራም አይደለም። አፓቼ ሜሞሪ ውስጥ አስገብቶ የራሱ አካል ያደርገዋል። የሰርቨሩን የውስጥ መዋቅሮች በቀጥታ ይነካል። አንዱ ጥያቄ ሲመጣ የደንበኛው አድራሻ የት ቦታ እንደተቀመጠ፣ የፋይሉ ስም የት እንዳለ ሞጁሉ የሚያውቀው ኮምፓይል ሲደረግ (ከኮድ ወደ ማሽን ፋይል ሲቀየር) ከነበረው የአፓቼ ራስጌ ፋይል ነው። ከ2.2 ወደ 2.4 ሲመጣ እነዚያ መዋቅሮች ተለውጠዋል። ሰርቨሩ ዝም ብሎ ቢያስገባው ሞጁሉ የተሳሳተ ቦታ ያነባል፣ የተሳሳተ ቦታ ይጽፋል። ያኔ አልነሳም ብሎ ቢቀር ጥሩ ነበር፤ ተማሪው መሃል ላይ እያለ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ በር ላይ መመለሱ ለእናንተ ተቆርቁሮ ነው።

ፊርማው ቢያልፍ እንኳ ሌላ ፍተሻ አለ። አፓቼ2ሲቲኤል በትልቁ ቪ ስትይው ከሚዘረዝረው ውስጥ "የሞጁል ማጂክ ነምበር" የሚል መስመር ታገኛለሽ። 20120211 ይላል፣ ከሱ ቀጥሎ ሁለት ነጥብና ሌላ ቁጥር አለ። የ2.2ቱ 20051115 ነበር። አስተውለሽ ካየሽው የፈረንጅ ቀን ነው፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። ዋናው ቁጥር ከተለያየ ሞጁሉ አይገባም። ቁጥሩ በሙሉ የ2.4 ዘመን 20120211 ሆኖ ስለቀጠለ ለ2.4.41 የተሠራ ሞጁል 2.4.52 ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ይሄ ቁጥር ፊደል መሆኑን አላውቅም ነበር። ጥሩ ነገር ተማርኩ። ታዲያ ኮዱን አምጥቶ እዚያው አዲሱ ማሽን ላይ ኮምፓይል ማድረግ አይሻልም? የኤክስሰንድፋይል ኮድ እኮ አንድ የሲ ፋይል ነው።

ሐረጎ (ደሴ)

ልክ ነህ፣ አንድ ፋይል ነው። ኤፒኤክስኤስ የሚባለው መሣሪያ ካለ በአንድ ትእዛዝ ያልቃል። ኮምፓይል ያደርጋል፣ ቦታው ያስቀምጣል፣ ኮንፊጉ ላይም ይጨምራል።

ችግሩ ኤፒኤክስኤስ ከአፓቼ ጋር አብሮ አይመጣም። አፓቼ2-ዴቭ የሚለው ፓኬጅ ውስጥ ነው ያለው። ያ ፓኬጅ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። የኤፒአር ላይብረሪዎች የዴቭ ፓኬጆች ያስፈልጉታል፣ ዴብሄልፐር ያስፈልገዋል፣ እሱ ደግሞ ሌላ ይስባል። ጂሲሲም መኖር አለበት። ኢንተርኔት ካለ አንድ ደቂቃ ነው። ኢንተርኔት ከሌለ አንዱን በፍላሽ አምጥተህ ስትጭን ሌላውን ይጠይቅሃል፤ ማለቂያ የለውም።

የተዘጋጀው ፓኬጅ ግን ኡቡንቱ ማከማቻ ውስጥ አለ። ሊብአፓቼ2-ሞድ-ኤክስሰንድፋይል ይባላል። ትንሽ ነው። ከራሱ ሌላ የሚፈልገው ሲ ላይብረሪውንና አፓቼ2-ኤፒአይ-20120211 የሚባለውን ነው። ቁጥሩን አየኸው? ያው የሞጁል ማጂክ ነምበሩ ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ ያንን ቁጥር የፓኬጅ ጥገኝነት አድርገውታል። የማይስማማ ሞጁል ልትጭን ብትሞክር አፓቼ ሳይወድቅ ገና ሲጫን ነው እምቢ የሚልህ። ፋይል በእጅ ገልብጠህ ስታስገባ ይህ ጥበቃ ሙሉ በሙሉ ይቀርብሃል። ስለዚህ የማውቀውን ሰው ሁሉ የምለምነው፣ ፓኬጅ ካለ በፓኬጅ ጫኑ። ኮምፓይል የማደርገው ፓኬጅ ሲጠፋ ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ነገር። ኤ2ኤንሞድ ሞጁል ይጭናል ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው። አይጭንም። ሞድስ-አቬይሌብል ውስጥ ያለውን ትንሽ ፋይል ወደ ሞድስ-ኢኔብልድ ሊንክ ያደርጋል፤ በቃ። ሞጁሉ ማሽኑ ላይ ከሌለ የሚያበራው ነገር የለም።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

እኛ ጋ ኢንተርኔት ስላለ ዴቡን (የፓኬጁን ፋይል) እኔ አወርድልሻለሁ። ሁለት ነገር ንገሪኝ። አንደኛ፣ ኤልኤስቢ_ሪሊዝ ስትይው "ጃሚ" ማለቱን አረጋግጪ። ሁለተኛ፣ ዲፒኬጂ ስለ ማሽኑ ዓይነት ስትጠይቂው ኤኤምዲ64 ማለቱን። ሰው የ22.04ን ትቶ የ20.04ን ፓኬጅ አውርዶ ሲያመጣ አይቻለሁ።

ፍላሹን ነገ ጠዋት ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ እልከዋለሁ። ሐረጎ ዳገት ላይ ጭጋግ ከሌለ ከረፋዱ በፊት መናኸሪያ ትቀበይዋለሽ።

ግን ከፍላሽ የመጣ ፋይል ስለሆነ እንዲያው በእምነት እንዳትጭኚው፤ እኔ ልኬውም ቢሆን። አፕት በኢንተርኔት ሲያወርድ የማከማቻውን ፊርማ ራሱ ያረጋግጣል። ዲፒኬጂ ከፍላሽ ሲጭን ግን አያረጋግጥም። የላክሁት ፍላሽ መንገድ ላይ ምን እንደነካው አናውቅም፤ የኛ አገር ፍላሽ ቫይረሱ ብዙ ነው። ስለዚህ በስልክሽ ዳታ የፓኬጁን ገጽ ክፈቺ። ኤስኤችኤ256 የሚል ረጅም ቁጥር ተጽፎበታል። ሰርቨሩ ላይ ኤስኤችኤ256ሰም ብለሽ የፋይሉን አውጪና አስተያዪው። አንድ ፊደል ከተለየ አትጫኚው።

ሰኞ ገበያ (ደሴ)

ጃሚ ነው፣ ኤኤምዲ64 ነው። እጠብቃለሁ ጋሼ። ሐረጎ፣ ያብራራህልኝን ለሥራ ባልደረቦቼ ላነብላቸው ነው።

ሰኞ ገበያ (ደሴ) ሰኞ ከሰዓት

ፍላሹ ደርሷል። የኤስኤችኤ256 ቁጥሩን አንዷ ባልደረባዬ ከስልኳ እያነበበችልኝ እኔ ስክሪኑ ላይ ተከተልኳት፤ እስከ መጨረሻው ገጠመ። ተማሪዎቹ ወጥተው ላቡ ባዶ ሲሆን በዲፒኬጂ ጫንኩት። ኮንፊግቴስት ኦኬ አለ። አፓቼ2ሲቲኤል በትልቁ ኤም ስለው ዝርዝሩ ውስጥ ኤክስሰንድፋይል_ሞጁል፣ ሼርድ ብሎ አወጣው። ደስ ብሎኛል።

ከዚያ ግን ኤክስሰንድፋይል ኦን የሚለውን ቨርቹዋል ሆስቱ (የሳይቱ ኮንፊግ ክፍል) ውስጥ ጽፌ፣ የሙድሉን ቅንብር ከፈትኩ። አሁን ቪዲዮውም ሥዕሉም 404 ይላል። ሙድል ይከፈታል፣ ጽሑፉ አለ፣ ፋይል ግን አንድም አይመጣም። ፋይሎቹ ዲስኩ ላይ እንዳሉ አይቻለሁ። ለጊዜው የሙድሉን ቅንብር መልሼ ዘግቼዋለሁ፤ በድሮው መንገድ ይሠራል።

የሙድል ፋይሎች የሚቀመጡበት ሙድልዳታ ፎልደራችን ከአፓቼ ፎልደር ውጪ ነው ያለው። ወደ ውስጥ ማዛወር ይኖርብኝ ይሆን?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

በፍጹም እንዳታዛውሪው። ሙድልዳታ ከዌብ ፎልደር ውጪ የሚቀመጠው ሆን ተብሎ ነው። ውስጥ ብታስገቢው አድራሻውን የገመተ ሁሉ ሎግኢን ሳያደርግ የተማሪዎችን የቤት ሥራ፣ የፈተና ፋይል ሊያወርድ ይችላል። አሁን ያለበት ቦታ ትክክል ነው።

የጎደለሽ ኤክስሰንድፋይልፓዝ የሚለው መስመር ነው። ሞጁሉ በነባሪው ጥያቄው ከመጣበት ስክሪፕት ፎልደር ውጪ ካለ ቦታ ፋይል አያወጣም። ሌላ የትኛው ፎልደር እንደተፈቀደለት በግልጽ ካልነገርሽው "ፋይሉን ላገኘው አልቻልኩም" ብሎ 404 ይመልሳል። ፋይሉ ዲስኩ ላይ ቢኖርም። ኤረር ሎጉን ብታዪው ያንን ብሎ ጽፎታል።

ኤክስሰንድፋይል ኦን ከሚለው ሥር ኤክስሰንድፋይልፓዝ ብለሽ የሙድልዳታን ሙሉ መንገድ ከስላሹ ጀምረሽ ጻፊው። እዚያው ቨርቹዋል ሆስት ውስጥ። የመላ ሰርቨሩን ሥር ስላሽ ብቻ ብለሽ እንዳትፈቅጂ። አንዳንድ ገጽ ላይ እንደዚያ የሚመክር አለ፤ ያ ማለት ሙድል ላይ አንድ ቀዳዳ ከተገኘ የማሽኑን የይለፍ ቃል ፋይል ሳይቀር ማውጣት ይቻላል ማለት ነው።

ሐረጎ (ደሴ)

ጋሼ ያሉት ነው። እኔ ልጨምር፣ መሥራቱን እንዴት ታረጋግጫለሽ? ፋይሉ ስለወረደ ብቻ አትርኪ። ብራውዘሩ ላይ ኤፍ12 ተጭነሽ ኔትወርክ የሚለውን ክፈቺ፣ አንዱን ቪዲዮ ጥሪው። በመልሱ ሄደሮች (ከፋይሉ ፊት የሚላኩ መረጃዎች) ውስጥ ኤክስ-ሰንድፋይል የሚል መታየት የለበትም። ሞጁሉ ሲሠራ ያንን ሄደር አንብቦ ያወጣዋል፤ ለደንበኛው አይደርስም። ከታየሽ ሞጁሉ ለዚያ ገጽ አልበራም፤ በላዩም የዲስክሽን መንገድ ለማንም እያሳየ ነው።

ሌላው፣ ሙድል ፋይሎቹን ፋይልዲር ውስጥ የሚያስቀምጣቸው በስማቸው አይደለም። የእያንዳንዱን ፋይል ይዘት በኤስኤችኤ1 አስልቶ ውጤቱን ስም ያደርገዋል። ስለዚህ ሎጉ ላይ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ብታዪ አትደንግጪ፤ ቪዲዮሽ ነው። ያወረድሽውን ቪዲዮ ኤስኤችኤ1ሰም አድርጊውና ከዚያ ስም ጋር አስተያዪው። ከገጠመ ፋይሉ ሳይጎድል ደርሷል።

ሰኞ ገበያ (ደሴ) ማክሰኞ ማታ

ሠርቷል! ኤክስሰንድፋይልፓዙን ሙድልዳታ ላይ ብቻ አድርጌ ሰጠሁት። ኮንፊግቴስት፣ ከዚያ ግሬስፉል ሪስታርት። የሙድሉን ቅንብር ከፈትኩ። ቪዲዮው መጣ። ኤፍ12 ላይ ሄደሩ የለም። ኤስኤችኤ1ውም ገጠመ፤ ያንን ሳይ በእውነት ተደነቅሁ።

ዛሬ ከሰዓት የአንድ ክፍል ተማሪዎች እኩል ከፈቱት። የሜሞሪ መጠኑን በቶፕ እያየሁ ነበር። እንደ በፊቱ ጣሪያ አልነካም። መግቢያ ገጹም ይከፈታል። አንዳንዴ ግን አሁንም ዘግየት ይላል፤ በተለይ ሁለተኛው ላብ ሲጨመር። ለሁላችሁም አመሰግናለሁ። ርእሱ ላይ ተፈቷል ብያለሁ፣ የሚጨመር ካለ ግን ጻፉልኝ።

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)

እንኳን ደስ አለሽ። ያ የቀረው መዘግየት ከየት እንደሚመጣ የምገምተው አለኝ። ፒኤችፒን (ሙድል የተጻፈበትን ቋንቋ) የምትጠቀሚው አፓቼ ውስጥ እንደ ሞጁል አድርገሽ ነው? ከሆነ አፓቼሽ በፕሪፎርክ ነው የሚሠራው። ፕሪፎርክ ላይ አንድ ጥያቄ አንድ ሙሉ ፕሮሰስ ይይዛል። እያንዳንዱ ፕሮሰስ ደግሞ ፒኤችፒን ተሸክሞ ነው የሚዞረው። ኤክስሰንድፋይል ፒኤችፒው ፋይሉን ከማመላለስ እንዲያርፍ አድርጎታል፤ ፕሮሰሱ ግን ፋይሉ ተልኮ እስኪያልቅ እንደተያዘ ነው። ዋይፋዩ ደካማ የሆነበት ተማሪ አንዱን ፕሮሰስ ለረጅም ጊዜ ይዞት ይቆያል።

በኡቡንቱ ነባሪው ማክስሪኩዌስትወርከርስ (እኩል የሚስተናገድ ጥያቄ ብዛት) 150 ነው። ሁለት ላብ እኩል ሲገባ፣ አንዱ ብራውዘር ብቻውን ብዙ ግንኙነት እንደሚከፍት አስቢው።

ትክክለኛው መፍትሔ ፒኤችፒን ለብቻው ወደሚያሠራው ኤፍፒኤም አውጥቶ አፓቼን በትሬድ ወደሚሠራው ኢቨንት መቀየር ነው። ያኔ ፋይል የሚልከው ቀላል ትሬድ ይሆናል፤ ፒኤችፒው ለብቻው በራሱ ቁጥር ተገድቦ ይቀመጣል። ፒኤችፒ8.1-ኤፍፒኤም ፓኬጅ ያስፈልጋል። ፕሮክሲ_ኤፍሲጂአይን ታበሪያለሽ፣ የፒኤችፒውን ሞጁልና ፕሪፎርክን ታጠፊያለሽ፣ ኢቨንትን ታበሪያለሽ። ቅደም ተከተሉን ጠብቂ። ፒኤችፒ ሞጁሉ ሳይጠፋ ኢቨንት ላይ ብታስነሺው አፓቼ "በትሬድ ነው የምሠራው፣ ፒኤችፒሽ ግን ለትሬድ አልተዘጋጀም" ብሎ እንደገና አልነሳም ይላል። እሱም የሞጁል አለመስማማት ነው፤ መልኩ ብቻ ይለያል።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ቧንቧ ውሃ ያለው እውነት ነው። እኔ ግን አሁን አትንኪው እላለሁ። ትምህርት እየተካሄደ ነው፣ ሰርቨሩ ገና ዛሬ ነው የተረጋጋው። ትልቅ ለውጥ በላዩ ላይ ከደረብሽ፣ የሆነ ነገር ሲበላሽ ከየትኛው እንደመጣ አታውቂውም። ሴሚስተሩ ሲዘጋ፣ ባክአፕ ይዘሽ አድርጊው።

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)

ጋሼ፣ ፈተና ሲደርስ እኮ ነው ሁለቱም ላብ እኩል የሚገባው። ያን ጊዜ ከሚወድቅ አሁን ቅዳሜና እሁድ ላቡ ሲዘጋ መሞከር ይሻላል ባይ ነኝ። በአሮጌ ዴስክቶፕ ላይ የሰርቨሩን ኮፒ ሠርታ መጀመሪያ እዚያ ልትሞክረው ትችላለች። ኤፍፒኤም ላይ ስትሄድ ኤክስሰንድፋይሉን እንደ አዲስ ትፈትሸው፤ ያወረደችውን ፋይል መጠን ከዲስኩ ጋር ታስተያየው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

በኮፒ ላይ ከሆነ እስማማለሁ። በዋናው ላይ ግን አሁንም አልስማማም።

ወደ ኮምቦልቻ (ኮምቦልቻ)

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የኔ አፓቼ ሳይሆን ኤንጂንኤክስ የሚባለው ሌላ ዌብ ሰርቨር ነው፣ ግን ነገሩ አንድ ይመስለኛል። ጓደኛዬ የላከልኝን የሞጁል ፋይል ሳስገባ "ስሪቱ 1018000 ነው፣ መሆን ያለበት 1024000" ይለኛል። ይሄም ፊደል ነው?

ሐረጎ (ደሴ)

የለም፣ ይሄኛው ቁጥሩ ራሱ ነው። 1018000 ማለት 1.18.0፣ 1024000 ማለት 1.24.0። ጓደኛህ ሞጁሉን የሠራው 1.18.0 ላይ ነው፤ የኡቡንቱ 22.04 ነባሪ ኤንጂንኤክስ እሱ ነው። አንተ ጋ ያለው 1.24.0 ነው፤ ምናልባት ከኤንጂንኤክስ የራሱ ማከማቻ የተጫነ ነው።

ኤንጂንኤክስ ከአፓቼ ይልቅ ጥብቅ ነው። አፓቼ በ2.4 ውስጥ እስካለህ ይታገስሃል፤ ኤንጂንኤክስ ግን ስሪቱ ቁርጥ አንድ እንዲሆን ይፈልጋል። ሞጁልን ከውጭ አስገብቶ መጠቀም ራሱ የመጣው ከ1.9.11 ጀምሮ ነው፣ በፈረንጆቹ 2016። ከዚያ በፊት ሞጁል ለመጨመር ሙሉ ኤንጂንኤክስን እንደ አዲስ ኮምፓይል ማድረግ ነበር።

ስሪቱ አንድ ሆኖም "ባይነሪው አይጣጣምም" ሊልህ ይችላል። ኮምፓይል ሲደረግ የተሰጡት አማራጮች ከተለያዩ ማለት ነው። ኤንጂንኤክስ በትልቁ ቪ ብለህ የራስህን አማራጮች አይ። ከ1.11.5 ወዲህ ዊዝ-ኮምፓት የሚል አማራጭ አለ። ሰርቨሩም ሞጁሉም በሱ ከተሠሩ ሌሎቹ አማራጮች ቢለያዩም ይስማማሉ። ስሪቱ ግን አሁንም አንድ መሆን አለበት። አንተ ኢንተርኔት ካለህ የ1.24.0ን ኮድ አውርድ፣ ሞጁሉን በዊዝ-ኮምፓት ለዚያ ሥራው። ከዚያም የኤንጂንኤክስ ፓኬጁን አፕት በራሱ እንዳያሻሽለው በአፕት-ማርክ ሆልድ ያዘው። አንድ ቀን አፕዴት ሲመጣ ሰርቨሩ 1.24 መሆኑ ቀርቶ ሞጁሉ ብቻውን ይቀራል፤ ሪስታርት ባደረግህ ሰዓት ደግሞ አይነሳም። ሆልድ ስታደርግ ግን የደኅንነት ማስተካከያውም አብሮ ስለሚቆም ማስታወቂያውን እየተከታተልክ በራስህ ጊዜ ሁለቱንም አንድ ላይ አሻሽላቸው።

ወደ ኮምቦልቻ (ኮምቦልቻ)

አየሁት፣ 1.24.0 ነው፣ ዊዝ-ኮምፓትም አለው። ኮዱን እያወረድኩ ነው። ወላሂ ትልቅ ነገር ነው ያደረክልኝ።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሰኞ ገበያ፣ እኔም ሆጤ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ተመሳሳይ ሙድል አለ፤ ኡቡንቱው 22.04 ነው፣ ኢንተርኔት የለውም። ያንን ዴብ ልትሰጪኝ ትችያለሽ? ኤስኤችኤ256ቱን ራሴ ከገጹ ላይ አረጋግጣለሁ።

ሰኞ ገበያ (ደሴ)

አለልህ። የጋሼ ፍላሽ ላብ ውስጥ ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ ና። የጨመርኳቸውን ሁለት የኮንፊግ መስመሮችም በወረቀት ጽፌ አስቀምጥልሃለሁ፤ የሙድልዳታህን መንገድ ብቻ በራስህ ቀይረው።